እሾኹ የታለ? ስለ ጓሮ ፍሬዎች ለወላጆች የተደረገ ንግግር

ክቡራን ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፣

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከአጥር ሥር የለቀምኩትን ጥቁር ፍሬ በእፍኜ ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ። አጋም መስሎኝ ነበር። ታላቅ እህቴ እጄን ያዝ አድርጋ «እሾኹ የታለ?» አለችኝ። መዳፌን ገልብጣ አየችው፤ አንድም ጭረት አልነበረበትም። አጋም የለቀመ ልጅ ደግሞ ሳይቧጨር አይመለስም። ይዤው የመጣሁት የመረንዝ ፍሬ ነበር።

አጋምና መረንዝ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም መዓዛው የሚያውድ ነጭ አበባ ያወጣሉ፤ ሁለቱም ሲቆረጡ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣቸዋል፤ የሁለቱም ፍሬ ሲበስል ይጠቁራል። መረንዝ ግን እሾህ የለውም። ቅርፊቱ፣ ቅጠሉና ጥሬ ፍሬው የልብን ምት የሚያዛባ መርዝ አላቸው፤ አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ ሲቀቡበት የኖሩት ይህንኑ ተክል ነው።

እህቴ ያን ቀን ፍሬውን አላየችም፤ ተክሉን ነው የጠየቀችኝ። እኔም ዛሬ የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። ግንዱን፣ እሾኹን፣ የቅጠሉን አበቃቀል፣ አበባውን ተመልከቱ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካጠራጠራችሁ አትቅመሱ። «ትንሽ ልቅመስና ልየው» የሚባል ነገር የለም፤ ጣፋጭ መርዝ አለ።

ለጀማሪ እንጆሪን እመርጣለሁ። አንድ የሚመስለው ፍሬ ተጣብቀው የተሰበሰቡ ብዙ ደቃቅ ፍሬዎች ነው፤ እያንዳንዷም የራሷ ዘር አላት። ግንዱ እሾሃም ነው፣ የቅጠሉ ጠርዝ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። አንዳንዱ ዓይነት ሲለቀም እምብርቱ ተክሉ ላይ ይቀርና ፍሬው እንደ ቆብ ውስጡ ክፍት ይሆናል፤ አንዳንዱ ከነእምብርቱ ይመጣል። ሁለቱም ይበላሉ። በጣት ነካ ሲያደርጉት እሺ ብሎ ካልለቀቀ ገና አልደረሰም።

ቀጋም በቫይታሚን ሲ የታወቀ ነው። ውስጡ ያሉትን ዘሮች የከበበው ደቃቅ ፀጉር ግን ጉሮሮንና አንጀትን ይቆጠቁጣል። ልጆች እንዳለ ስለሚውጡት፣ ሰንጥቃችሁ ዘሩንና ፀጉሩን አራግፉላቸው።

አውጥ ላይ ስደርስ እጨነቃለሁ። ጠቁሮ የበሰለውን በብዙ አገር ይበሉታል፤ አረንጓዴው ግን ሶላኒን የሚባል መርዝ አለው፣ መቀቀልም አይበቃውም። በአንድ ዘለላ ላይ ጥሬውና የበሰለው አብረው ይገኛሉ። ስለዚህ ለትንንሽ ልጆች ጨርሶ ባይፈቀድ እላለሁ። የወፍ ቆሎም ጥሬ ፍሬው መርዛማ ነው፤ አበባው ስለሚያምር አጥር ላይ ይተከላል፣ ልጆች የሚጫወቱትም እዚያው ሥር ነው።

«ወፍ ሲበላው አይቻለሁ» የሚለውን ማስረጃ ደግሞ እባካችሁ ተዉት። ብዙ ወፎች ዘሩን ሳያኝኩ ውጠው ያሳልፉታል፤ እኛን የሚጎዳ መርዝም ወፍን ላይጎዳ ይችላል።

ልጅ ያልታወቀ ፍሬ ከበላ፣ አፉ ውስጥ የቀረውን አውጡለት፤ እንዲያስመልስ አታስገድዱት። ከተክሉ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉና ከነፍሬው ቁረጡና ልጁንም ቅርንጫፉንም ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ሐኪሙ «ጥቁር ነገር በላ» ከሚለው ቃል ይልቅ ከቅርንጫፉ ብዙ ይረዳል። በመንገድ ላይ አትቆጡት፤ የፈራ ልጅ ስንት ፍሬ እንደዋጠ አይናገርም።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስድስቱን ተክሎች ከነቅርንጫፋቸው አስቀምጫለሁ። ቀይ ክር የታሰረባቸውን አትንኩ። አጋሙና መረንዙ ጎን ለጎን ናቸው፤ ልጆቻችሁን አስጠጉና እሾኹን ራሳቸው ይፈልጉት።