ሚድዋይፍ መሆን የተከለከለበት አገር

ክቡራን መምህራን፣ ወላጆች፣ የዛሬ ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

እዚህ ሐዋሳ ተምራችሁ ነገ አንዳንዶቻችሁ አለታ ወንዶ፣ አንዳንዶቻችሁ በንሳ ትመደባላችሁ። ስለ ደሞዙ ማጉረምረም የጀመራችሁም አላችሁ፤ አልፈርድባችሁም። እኔ ግን ዛሬ ስለ አፍጋኒስታን ላውራ። ሩቅ ነው አትበሉኝ፤ የሙያችሁ ጉዳይ ነው።

ታሊባን ካቡልን የያዘው በፈረንጆች ኦገስት 2021 ነው። ሁሉንም ባንዴ አልከለከለም። መጀመሪያ ከ6ኛ ክፍል በላይ ያሉ ልጃገረዶች ቤት ዋሉ። በማርች 2022 ትምህርት ተከፈተ ተብለው ደብተራቸውን ይዘው ሄዱ፤ በሰዓታት ውስጥ ተመለሱ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ዩኒቨርሲቲም ተዘጋባቸው። የቀረችው ቀዳዳ የሚድዋይፈሪና የነርስነት ትምህርት ነበረች። በዲሴምበር 2024 እሷም ተደፈነች።

እስቲ አስቡት። በአንዳንድ አካባቢዎች ወንድ ሐኪም ሴት እንዳያክም ተከልክሏል። ሴቷ ደግሞ እንዳትማር ተከለከለች። ታዲያ ምጥ የያዛትን ማን ይቀበላት? ለ2020 በወጣው ግምት እንኳ እዚያ አገር ከ100,000 ወሊድ ከ600 በላይ እናቶች ይሞቱ ነበር። ይህ ከክልከላው በፊት ነው። ስለዚህ መብቱ ለብቻ፣ ችግሩ ለብቻ አይታይም። ትምህርት ቤቱን የዘጋው እጅ ማዋለጃ ክፍሉንም ነው የዘጋው።

እኛ በተቃራኒው ነው የሄድነው። ከ30,000 በላይ ሴቶች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆነው ቤት ለቤት ዞሩ። ጉድለታችን ብዙ ነው፤ አምቡላንሱ ነዳጅ የለውም የሚባልበት ቀን አለ። ግን እናቲቱ በሯ ላይ ያገኘችው ሴት ነው።

«ሃይማኖቱ ነው» የሚል ይኖራል። እዚህ አዳራሽ ሂጃብ ለብሰው የሚመረቁ ልጆች አሉና እነሱን ይጠይቅ። በግብጽ ያለው የታወቀው የእስልምና ትምህርት ማዕከል፣ የአል አዝሃር ታላቅ ኢማም አሕመድ አል ጠይብ የዩኒቨርሲቲው እገዳ ከሸሪዓ ጋር ይጋጫል ብለዋል። ከራሱ ከታሊባን፣ ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስታኒክዛይ በጃንዋሪ 2025 እገዳውን በአደባባይ ተቃወሙ። ብዙም ሳይቆይ ከአገር ወጡ።

«ዕርዳታው ይቁም፣ ያኔ ይገባቸዋል» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ አልስማማም። በ2025 የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቆረጥ የተዘጉት ጤና ጣቢያዎች ናቸው፤ የባለሥልጣናቱ ምሳ አልቀረም። የዓለም አቀፉ ወንጀል ፍርድ ቤት በጁላይ 2025 በታሊባን መሪ በሂበቱላህ አኹንድዛዳና በዋና ዳኛው ላይ ያወጣው የእስር ማዘዣ ይሻላል። ቢያንስ ሰውየውን ለይቷል።

አሁን ልመናዬ። ብዙ የአፍጋን ልጆች ቤት ተደብቀው በኢንተርኔት ይማራሉ። ኮሌጁ በእንግሊዝኛ የሚሰጣቸውን ትምህርቶች ቀድቶ በነፃ ይልቀቅላቸው። ማዋለድ በስክሪን አይለመድም፣ አውቃለሁ። የደም መፍሰስ አደጋን ምልክት ማወቅ ግን ይቻላል። መምህራን አጀንዳ ያዙልኝ። ተመራቂዎችም፣ በቀረጻው ማገዝ የምትፈልጉ ከምሳ በፊት ስማችሁን ስጡኝ።