ደንገጎ ላይ የተገጨ ሰው መዝገብ የት ነው ያለው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንዲት ቃል ነው የማወራችሁ፤ «መዝገብ» ስለምትባለው። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «መዝገቡን ስጡኝ» ያለ ሰው፣ ድሬዳዋ ውስጥ ሳቢያንም ይሁን መጋላ፣ ሐረርም ይሁን፣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። መብት ስለሌለው ላይሆን ይችላል። ቃሉ ሰፊ ነው፤ ከልካዩም «ምርመራ ላይ ነው» ባለ ጊዜ ውስጡ ያለው ወረቀት ሁሉ አብሮ ይዘጋል።

እስቲ ለምሳሌ አንድ ጉዳይ እንያዝ። ከድሬ ወደ ሐረር የሚወጣ ሚኒባስ ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ ሰው ገጨ እንበል። መንገዱ 50 ከምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን ሦስት አስተዳደር ያቋርጣል። ከታች የድሬዳዋ አስተዳደር ነው። ዳገቱን ስትወጡ ኦሮሚያ ነው፤ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ሐረማያ፣ አወዳይ። መጨረሻ ላይ የሐረሪ ክልል። ሦስት አስተዳደር ማለት ሦስት ፖሊስ ነው። ተጎጂው ድሬዳዋ ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይተኛል፤ ቤተሰብም መዝገቡ ሆስፒታሉ ባለበት ከተማ ያለ ይመስለዋል። የለም። መዝገቡ የሚከፈተው አደጋው የደረሰበትን ቦታ በሚያስተዳድረው ፖሊስ ነው። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ፦ የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን መሥሪያ ቤቶች ያሉት ሐረር ከተማ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ሐረር ፖሊስ ጋ ነው» ሲሏችሁ የሐረሪውን ነው ወይስ የዞኑን ብላችሁ ጠይቁ። ይህንን ባለመጠየቅ ሳምንታት የሚያልፍባቸው አሉ።

ጣቢያውን ማወቂያ አቋራጭ ልንገራችሁ። ፖሊስ የሐኪም ማስረጃ ሲፈልግ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ይጽፋል። በደብዳቤው ራስጌ ላይ የጣቢያው ስም፣ ቁጥርና ቀን አለ። ተጎጂው ራሱ ወይም ውክልና የያዘ ሰው የማስረጃውን ነገር ሆስፒታል ሲጠይቅ የዚያን ደብዳቤ ቁጥር አብሮ ይጠይቅ። ቁጥር ከያዛችሁ «እንዲህ ዓይነት መዝገብ እኛ ጋ የለም» የምትለውን የመጀመሪያ መልስ ሳትሰሙ አለፋችሁ ማለት ነው።

አሁን መዝገቡን እንፍታው። ሽፋኑን ስትገልጡት አንድ ነገር አይደለም። አቤቱታው ወይም ጥቆማው አለ። የተጠርጣሪው ቃል አለ፣ የምስክሮች ቃል አለ። ትራፊኩ ያነሳው ፕላን፣ ማለትም የአደጋው ቦታ ንድፍ አለ፤ ፎቶ፣ የመኪናው የቴክኒክ ምርመራ ውጤት፣ የሐኪም ማስረጃ አለ። ከዚያ መርማሪው ለራሱ የያዘው ማስታወሻና ለዐቃቤ ሕግ የጻፈው የውሳኔ ሐሳብ አለ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቁልፍ መቆለፍ ይቻላል ወይ? የዛሬው ጥያቄ ይኼ ነው። እኔ አይቻልም ባይ ነኝ፤ ሕጉም ከእኔ ጋር ይመስለኛል።

ሕጉ የ2000ው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ፣ ቁጥር 590 ነው። በ2013 አዋጅ 1238 ሲወጣ የመገናኛ ብዙኃኑን ክፍል ተካው፤ መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተውን ክፍል ግን አልነካውም። ሥሩ ሕገ መንግሥቱ ላይ ነው፤ አንቀጽ 29 መረጃ የመሻትና የማግኘት ነፃነትን፣ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽነትን ይደነግጋል። አዋጁ ሕግ ማስከበርንና ምርመራን በሚመለከት መከልከያ አስቀምጧል፤ እሱን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የመከልከያው ማጠንጠኛ ጉዳት ነው። ወረቀቱ ቢወጣ ምርመራውን ያደናቅፋል ወይ? የጥቆማ ምንጭ ያጋልጣል ወይ? ምስክር ያስፈራራል ወይ? ክሱን ወይም ፍትሐዊ ዳኝነቱን ያበላሻል ወይ? የምርመራ ዘዴ ያወጣል ወይ? መታየት ያለበት ይኼ ነው እንጂ «የፖሊስ ወረቀት» መሆኑ ብቻውን አይደለም።

በዚህ ሚዛን ፕላኑን ተመልከቱት። ፕላን ማለት የመንገዱ ስፋት፣ የፍሬን ምልክት ርዝመት፣ መኪናው የቆመበትና ሰውየው የወደቀበት ቦታ ነው። ሹፌሩ ያውቀዋል፣ ተጎጂው ያውቀዋል፤ ደንገጎ ላይ ቆመው ያዩት መንገደኞች ሁሉ ያውቁታል። ተጎጂው ቢያየው የቱ ምርመራ ይደናቀፋል? የምስክር ቃል ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ ለፖሊስም እፈርድለታለሁ። የኛ ከተሞች ትንንሽ ናቸው። ሐረር ጁገል ውስጥ የምስክሩን ስም በቀለም ሸፍኖ ኮፒውን መስጠት ምንም አይሸፍንም፤ «በሱቄ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ካለች ሰፈሩ ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። የ2003ቱ የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 699፣ የወጣው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ምክሬ፣ ምርመራው ሳያልቅ የምስክር ቃል አትጠይቁ። እሱን ደብዳቤው ውስጥ ስትጨምሩት ሌላውንም ይዞባችሁ ይወድቃል። የመርማሪውን ማስታወሻም ተዉት።

ወደ ደብዳቤው እንምጣ። የሚጻፈው ለመርማሪው አይደለም፤ ለመሥሪያ ቤቱ፣ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ብላችሁ ነው፤ በአዋጁ መሠረት ጥያቄ ተቀባዩ እሱ ነውና። ራፖር ጸሐፊ ጋ ከሄዳችሁ አንድ ነገር አስጠንቅቁት፦ «ሐተታ አልፈልግም» በሉት። ልማዱ ሆኖ ሦስት ገጽ በደል ይጽፍና ጥያቄዋ መጨረሻ ላይ ተደብቃ ትቀራለች። እኔ የምመርጠውን ቀስ ብዬ ላንብብላችሁ፤ ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

«በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ በደረሰው የትራፊክ አደጋ ተጎጂ ነኝ። በመዝገብ ቁጥር ይህን ያህል ከሚገኙት ሰነዶች ውስጥ የአደጋው ፕላንና የአደጋ ሪፖርቱ ከዋናው ጋር የተመሳከረ 1 ቅጂ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። በከፊል የሚከለከል ካለ ቀሪው ይሰጠኝ። ለሚከለከለው ክፍል ምክንያቱና የሕጉ አንቀጽ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። የማባዣውን ወጪ እከፍላለሁ።» ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ፊርማ። አለቀ። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ቢጠይቅ ጥያቄውን በጽሑፍ ማስፈር የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ነው።

ደብዳቤው ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን መዝገብ ቤት ታስገባላችሁ፤ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ትይዛላችሁ። ብዙ ጉዳይ የሚሞተው እዚህ ነው። «መጀመሪያ ኃላፊው ይምሩበት፣ ከዚያ ገቢ እናደርገዋለን» ይባላል። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ መስክ ወጥተዋል። ከሰዓት በኋላማ፣ ያው የድሬን ከሰዓት ታውቁታላችሁ፤ በጧት ሂዱ። ገቢ አላደርግም ካሏችሁ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በሪኮማንዴ፣ ማለትም ተመዝግቦ በሚላክ ደብዳቤ ላኩት፤ ደረሰኙ የገቢ ማኅተም ያህል ያገለግላችኋል። ምክንያቱም አዋጁ ለመልስ የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ 30 ቀን ደግሞ የሚቆጠረው ከሆነ ቀን ተነስቶ ነው። ቀን የሌለው ደብዳቤ ስንት ዓመት ቢቆይ አንድ ቀን አልሞላውም።

የቃል ክልከላ ሲመጣስ? «ምስጢር ነው አልኩህ እኮ» ይልና ወረቀት አይሰጥም። አትጣሉ። በዚያው ቀን ሌላ ደብዳቤ ጻፉ፦ «ዛሬ በቁጥር ይህን ያህል ገቢ ላደረግሁት ጥያቄ በቃል እንደማይሰጠኝ ተነግሮኛል፤ ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጠኝ።» ይህችንም ገቢ አስደርጓት። ከልካዩ እንግዲህ ሁለት ምርጫ አለው፤ አንቀጽ ጠቅሶ መፈረም ወይም ዝም ማለት። ዝምታውም ጊዜው ሲያልፍ እንደ ክልከላ ይቆጠራል። አንቀጽ ጥቀስ ሲባል እጁ የሚሳሳ ኃላፊ ብዙ ነው፤ ቲተሩን፣ ስምና ኃላፊነት ያለበትን ማኅተም፣ የሚያስመታው በራሱ ስም ነዋ።

ሌላዋ መልስ «መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ጋ ሄዷል» የምትለዋ ናት። እውነት ሊሆን ይችላል። ጥያቄያችሁ አንድ ብቻ ይሁን፦ «በስንት ቁጥር፣ በስንት ቀን ወጪ ሆነ?» የወጪ ቁጥር ከሌለ መዝገቡ ያልሄደ ሊሆን ይችላል። ካለ፣ ያቺን ቁጥር ይዛችሁ ዐቃቤ ሕግ ጋ ትሄዳላችሁ። እሱ ደግሞ «ለተጨማሪ ምርመራ መልሰነዋል» ሊላችሁ ይችላል፤ ባለጉዳይ እንደ ኳስ ይመላለሳል። መድኃኒቱ ለሁለቱም በአንድ ቀን መጻፍ፣ በእያንዳንዱ ግርጌ ለሌላው ግልባጭ ማድረግ ነው። ዐቃቤ ሕግ አልከስም ብሎ ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ ማስፈር አለበትና ያንን ውሳኔ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ «ምርመራው ይደናቀፋል» የሚለው ክርክር እግሩ ይሰበራል፤ የቀረ ምርመራ የለማ።

«ጠፍቷል» ካሉ፣ አለመገኘቱን በጽሑፍ ይስጡ። አንድ ሰነድ መኖር አለመኖሩን ማወቅም የመብቱ አካል ነው።

ከተከለከላችሁ አቤቱታው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው፤ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። እንባ ጠባቂ ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ስትሄዱ ገቢ የሆነውን ጥያቄ፣ ክልከላውን ወይም የዝምታውን ማስረጃ፣ ለኃላፊው ያቀረባችሁትን አቤቱታ ይዛችሁ ሂዱ። ኃላፊውን ዘሎ የሄደ ሰው ተመለስ ሊባል ይችላል።

አሁን ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልናገር። ሰው መዝገቡን ሲያሳድድ ይርጋ ያመልጠዋል። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ የመጠየቂያው ጊዜ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት 2 ዓመት ነው፤ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል፤ ግን በእሱ ተማምኖ መቀመጥ ቁማር ነው። ፕላኑ እስኪሰጣችሁ ክሱን አታቆዩ። ክሱን አስገቡና ፍርድ ቤቱ ራሱ ፖሊስን አዝዞ ያስቀርብላችሁ። ጠበቆች ለዚህ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 145 ይጠቅሳሉ፤ በራሴ ጥረት ላገኘው አልቻልኩም የሚል ቃለ መሐላ ይያያዝበታል። ያ ሁሉ የገቢ ማኅተም፣ ያ ሁሉ ሪኮማንዴ እዚህ ጋ ዋጋ ያወጣል፤ ጥረታችሁን የሚያሳየው እሱ ነው። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ኮሌጅ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣልና እዚያ ይሞክር።

ለተከሳሽ መንገዱ ሌላ ነው። የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብቱ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 ይመነጫል፤ የሚጠይቀውም ችሎት ላይ ነው። በመረጃ ነፃነት አዋጅ መንገድ ገብቶ 30 ቀን መጠበቅ የለበትም።

ቋንቋም አትርሱ። ጉዳዩ ሐረማያ ወረዳ ከሆነ መዝገቡ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚሆነው፤ ደብዳቤያችሁንም በዚያው ጻፉት፣ ይፈጥናል። ማስረጃውን ድሬ ወዳለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ካመጣችሁት ደግሞ ሥራው በአማርኛ ስለሆነ የተረጋገጠ ትርጉም ያስፈልጋል። የትርጉሙን ጊዜ ከቀጠሮው በፊት አስቡት።

«ፖሊስ ውስጥ የማውቀው ሰው በስልክ ፎቶ ያነሳልኛል» ለሚሉ፦ ተዉት። ማኅተም የሌለው ፎቶ ችሎት ላይ ከባድ ክርክር ያስነሳባችኋል፤ ያነሳላችሁን ሰው ደግሞ እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል።

ኮፒው የተፈቀደላችሁ ቀን ከመዝገብ ቤቱ ሳትወጡ እዚያው ቆማችሁ እዩት። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ማኅተም አለ? «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» የሚል ከነፊርማውና ቲተሩ አለ? ፕላኑ ላይ ልኬቶቹ ይነበባሉ ወይስ ኮፒው አደብዝዟቸዋል? የፍሬን ምልክቱ 12 ሜትር ይሁን 72 ሜትር ካልለየ ያ ወረቀት አይረባችሁም። አንድ ሌላ ነገር፦ ፕላን ላይ ብዙ ጊዜ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ ቁጥር ነው የሚሰጠው፤ 1 መኪናው፣ 2 ሰውየው የወደቀበት፣ እንዲህ እያለ። የቁጥሮቹ መግለጫ ጀርባው ላይ ወይም በሌላ ገጽ ሊሆን ይችላል፤ ኮፒ የሚያነሳው ልጅ ደግሞ ፊቱን ብቻ አንስቶ ይሰጣችኋል። ጀርባውን ገልብጡና እዩ። በሉ፣ ቸር ሰንብቱ።