የአያቶቻችን ስም የት ተጽፎ ይገኛል?

የተከበራችሁ የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ የምንፈልግበት የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመካከላችን የተገኛችሁ ወጣቶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ በእግራችሁ የመጣችሁ አላችሁ፤ አሁን ከምትኖሩበት ከከተማዋ ዳር ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይራችሁ የደረሳችሁም አላችሁ። ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ባለፈው ዓመት በእነዚሁ ወንበሮች ላይ አብረውን ተቀምጠው የነበሩና ዘንድሮ የተለዩንን አባሎቻችንን በኅሊና ጸሎት እናስባቸው።

አመሰግናለሁ፤ ተቀመጡ።

ንግግሬን ከእናቴ እጀምራለሁ። እናቴ መቼ ተወለድሽ ስትባል ዓመተ ምሕረት አትጠራም ነበር። «በዘመነ ሉቃስ፣ በኅዳር ሚካኤል» ትላለች፤ ትንሽ ቆይታም «ጣሊያን ከተማ ሲገባ ድክ ድክ እል ነበር አሉ» ብላ ትጨምራለች። እኛ ልጆቿ ይህን የሽማግሌ ወግ አድርገን ሰማነው። መታወቂያ ሲወጣላት ጸሐፊው ፊቷን አይቶ በግምት አንድ ቁጥር ጻፈላት፤ እኛም አጠገቧ ቆመን ዝም አልን።

የነገረችን የተሟላ ማስረጃ መሆኑ የገባኝ ካረፈች በኋላ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ ነው፤ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ያለው የቅርቡ ዘመነ ሉቃስ 1927 ነው፤ 7427 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋልና። ኅዳር ሚካኤል ደግሞ በ12 ይውላል። እንግዲህ እናቴ የተወለደችው ኅዳር 12 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ ጠላት ከተማዋን ሲይዝ የዓመት ከአምስት ወር ሕፃን ነበረች፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ በእርግጥም ድክ ድክ ይላል። መታወቂያው ላይ የተጻፈው ዓመት ከእውነተኛው በአራት ዓመት ይርቅ ነበር። ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሳስቶ የእናቴ ቃል ትክክል ሆኖ ተገኘ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ጠጋ ብዬ ልጠይቃት የምችልባቸው ስንት ዓመታት በከንቱ አለፉ!

ስለዚህ አዲስ አባላት «ከየት እንጀምር?» ስትሉኝ መልሴ አንድ ነው። ወደ የትኛውም መሥሪያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ ካለው ትልቅ ሰው አጠገብ ተቀመጡ። የተባለውን እንደተባለ ጻፉ፤ ዘመኑን፣ የበዓሉን ስም፣ የሰፈሩን ስም አትተዉ። ትርጉም የለሽ የመሰለው ነገር በኋላ ቁልፍ ይሆናል።

እኛ ቤተሰብን ከትውልድ ትውልድ የሚያያይዝ አንድ መጠሪያ የለንም። የአባቴ ስም በልጄ መታወቂያ ላይ በአያትነት ይገኛል፤ በልጅ ልጄ ላይ ግን ከወረቀቱ ይወጣል። ሰባት ቤት መቁጠር የኖረውም ወረቀት የማይይዘውን ቃል እንዲይዘው ነው። ሴቶቻችን ሲያገቡ የአባታቸውን ስም አለመልቀቃቸው ግን ለፈላጊ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በጋብቻ ውል ላይ የሙሽራዋ ስም ከተገኘ የአባቷና የአያቷም ስም አብሮ ይገኛል።

ወደ ደብር ስትሄዱ ደግሞ በቤት ስም አትጠይቁ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ የሚሰጠው ስም ሌላ ነው፤ ቤት ውስጥ ጥሩነሽ የምትባለው አያት በደብሩ መዝገብ ወለተ ጊዮርጊስ ናት። በአንድ አጥቢያ ውስጥ ስንት ሞክሼ እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ የክርስትና አባቱን ወይም እናቱን፣ የንስሐ አባቱንም ስም ይዛችሁ ሂዱ። በአንዳንድ አድባራትና ገዳማት በጥንት የወንጌል መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ሽያጭና የስጦታ ውል ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎ ይገኛል፤ ስለዚህ አባቶችን በትሕትና ጠይቁ። ዘማች አያቱን የሚፈልግ ሰው የፈረስ ስሙንም ይወቅ። አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ እንደተባሉ ሁሉ፣ የእናንተም ቅድመ አያት በደብዳቤ ላይ የተጠራው በፈረስ ስሙ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሙስሊም አባሎቻችን የኒካህ ወረቀቶችንና የሸሪዓ ፍርድ ቤት የውርስ ውሳኔዎችን አስቀድመው ይፈልጉ። ውርስ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ወራሽ በስም ስለሚጠራ አንድ ውሳኔ ሙሉ ቤተሰብ ያሳያል።

ስለ መንግሥት መዛግብት በአጭሩ ልናገር። በአገር አቀፍ ደረጃ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአንድ ሥርዓት መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ ለአያቶቻችን ከዚያ ብዙ አንጠብቅ። ቀበሌ ከተቋቋመበት ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ያለው የቤተሰብ ቅጽ ግን በቤት ቁጥር ተከፍቶ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖረውን ሁሉ ስለሚዘረዝር የድሮውን የቤት ቁጥር አትርሱ። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ እንዲሁም በስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከዚህ ብዙም አይርቁም። ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመውን ብርሃንና ሰላምን፣ ከ1933 ወዲህ ያለውን አዲስ ዘመንን፣ ከ1934 የጀመረውን ነጋሪት ጋዜጣ ለማገላበጥ ትዕግሥት ያለው ሰው ሹመት፣ የውርስ ጥሪ፣ የስም ለውጥ፣ የሐዘን ማስታወቂያ ያገኛል። የትብብር ደብዳቤ ለሚያስፈልገው ማኅበራችን ይጽፍለታል።

አሁን ዛሬ ወደ መድረክ ወዳወጣኝ ጉዳይ ልግባ፤ የእድር መዝገብ።

ተራው የአዲስ አበባ ሰው፣ ያልተሾመው፣ ጋዜጣ ላይ ያልወጣው፣ ስሙ ከማንኛውም ቦታ በላይ ተደጋግሞ የተጻፈው በእድር ደብተር ውስጥ ነው። አባሉ ሲመዘገብ የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ አብረው ይጻፋሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሐዘን ሲደርስ የሚጻፈውን አስተውሉ። አባሉ እናቱ በአገር ቤት ሲሞቱበት እድሩ ደንቡ የሚያዘውን ይከፍላል፤ ጸሐፊውም የሟቿን ስም፣ ከአባሉ ጋር ያላትን ዝምድና፣ ያረፈችበትን አገርና ቀኑን ይጽፋል። አንዲት ከከተማ ውጭ ኖራ ከከተማ ውጭ የሞተች ገበሬ እናት፣ መንግሥት ያልመዘገባት፣ መሃል አራዳ በአንድ ባለመስመር ደብተር ውስጥ ስሟ ቀርቷል። እኔ የአያቴን የትውልድ መንደር ያገኘሁት በሁለት መስመር እንዲህ ካለ ጽሑፍ ነው። ደብተሩን ሳነብ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እነዚህ ደብተሮች ግን የትም መዝገብ ቤት የሉም። በጸሐፊው አልጋ ሥር፣ ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋር በእድሩ መጋዘን ውስጥ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ አካባቢ የነበሩ ሰፈሮች ሲነሡ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቶ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሄደ። ሰው ዕቃውን ሲጭን አልጋና ቁም ሣጥን ያስታውሳል፤ አቧራ የጠጣ ደብተር ማን ያስታውሳል? አንድ አባላችን የአባቱን እድር መዝገቦች ያገኛቸው ለቁራሌው ሊሸጡ በጆኒያ ታስረው በር ላይ ተቀምጠው ሳለ ነው። አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ የበርበሬ መጠቅለያ ሆነው ነበር። የአርባ ዓመት የሰፈር ሐዘን፣ የስንት ቤተሰብ ስም!

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው የዘንድሮ ሥራችን ይህ እንዲሆን ይጠይቃችኋል። እያንዳንዳችሁ የወላጆቻችሁን እድር ዳኛ ወይም ጸሐፊ፣ እነርሱ ካለፉም ልጆቻቸውን አፈላልጉ። ደብተሩን አትውሰዱ፤ የእድሩ ንብረት ነው። ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ በመስኮት ብርሃን አጠገብ አስቀምጣችሁ፣ ከሽፋኑ ጀምራችሁ ገጽ ሳትዘልሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። አንዱን ቅጂ ለእድሩ ስጡ።

ስትሠሩ አንድ ነገር አደራ። መዝገብ የተሸሸገውንም ያወጣል። የማደጎ ልጅነት፣ ያልተነገረ ጋብቻ፣ የተካደ ልጅ ልታገኙ ትችላላችሁ። ከመካከላችን የዘር ሐረጋቸው አንድ ስም ላይ ደርሶ ድንገት የሚቆምም አሉ፤ የአባት ስም የሌለው፣ አገሩ ያልተጻፈ፣ ጌታው ባወጣለት ስም ብቻ የቀረ ሰው። ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ እናቴ በዚያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ያ ስም ለሚፈልገው ሰው እንደማንኛውም አያት ስም የከበረ ነው፤ በማኅበራችን ውስጥ በዚህ የሚያፍርም የሚያሳፍርም ሊኖር አይገባም። ያገኛችሁትን አስቀድማችሁ ለባለቤቱ ቤተሰብ ንገሩ፤ ለሌላ ሰው ማሳየት የእነርሱ ፈቃድ ነው።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ የምዝገባ ቅጽ ተዘጋጅቷል። የሰፈሩን የድሮ ስም፣ የምታስታውሱትን የእድር ስም፣ ደብተሩ በማን እጅ ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። ዓይናችሁ ለደከመ ወላጆች ወጣቶቹ ይጽፉላችኋል፤ እግረ መንገዳቸውንም ይጠይቋችሁና ያዳምጧችሁ። በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ አሮጌ ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ከእኔ ጋር አብረን እናነበዋለን፤ ጉባኤው እስኪያልቅ ከዚህ አልሄድም።

ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን እየገለጽኩ፣ የዓመቱን ሪፖርት እንዲያቀርቡልን መድረኩን ለማኅበራችን ጸሐፊ እለቃለሁ።