መሣሪያው በእናቶቻችን ሰዓት ይቁጠር
(በአረጋውያን ቀን ደሴ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ የቴክኖሎጂ ተማሪዎችና መምህራን፣ ይልቁንም ሕመምተኛችሁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ የተገኛችሁ አስታማሚዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

መስከረም 21 የአረጋውያን ቀን በመሆኑ ስለ አረጋውያን ክብር እንድናገር ተጠይቄአለሁ። ክብራቸውን እዚህ አዳራሽ ያለ ሁሉ ያውቀዋልና የተሰጠኝን ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ላውለው፦ የመርሳት ሕመም ያገኛቸው ወላጆቻችን በቤታቸው የሚያግዛቸው መሣሪያ ይኑራቸው፤ መሣሪያውም በእነርሱ ሰዓትና በቤታቸው ልማድ ይሥራ።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ከእርሷ የገዛችሁ ዛሬም እዚህ አላችሁ። ሕመሙ አስቀድሞ የወሰደባት ጊዜን ነው። እኩለ ሌሊት ትነሣለች፣ መቀነቷን ታጠብቃለች፣ «ገበያው ሊያመልጠኝ ነው» ብላ በሩን ትከፍታለች፤ የደሴን የሌሊት ብርድና ጉም ደግሞ ታውቁታላችሁ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ይህን ሰምቶ ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ የተሠራ ሰዓት ላከልን። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ጠዋት ወይም ሌሊት መሆኑን በትልልቁ ጽፎ የሚያሳይ፣ በአገሩ ብዙ ሰው የጠቀመ ዕቃ ነው። እኛ ቤት ግን ጠዋት በሁለት ሰዓት 8 ብሎ ይቆማል። ለእናቴ ስምንት ሰዓት ምሳ ተበልቶ ያለቀበት ነውና ቁርሷ ቀርቦላት ሳለ «ምሳዬን ከለከላችሁኝ» ብላ አለቀሰች። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሰን ቁጥሩን 2 ስናደርገው ደግሞ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ጎኑ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ «ሌሊት» አለ። እንዲህም ብናስተካክለው እንዲያ፣ አንዱ እውነት ሲሆን ሌላው ይዋሻል፤ ጳጉሜን የምትባል ወር መኖሯንማ ጨርሶ አያውቅም።

በመጨረሻ ያገዘን በሰፈራችን ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ወጣት ነው። በሩ ላይ ማግኔት ያለው ትንሽ ማብሪያ፣ በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጫወቻና እኔ መኝታ ዘንድ የሚጮህ ደወል ገጠመልን። በሩ ሌሊት ሲከፈት በእኔው ድምፅ «እማ፣ ገና ሌሊት ነው፤ ገበያው አልቆመም፤ እኔም እዚሁ ነኝ» ይላል። ብዙውን ጊዜ ቆም ብላ ሰምታ ትመለሳለች፤ ባትመለስም ደወሉ እኔን ስለሚቀሰቅሰኝ ከግቢው ሳትወጣ እደርስባታለሁ።

ይህ ከመሆኑ በፊት የተሰጠን ምክር ምን ነበር? «በሩን ቆልፉባት።» ለሕክምና በሄድንበት ቦታስ? «እርጅና ነው፤ ምንም አይደረግም።» እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. በስሙ የተጠራውን የመርሳት በሽታ ለባልንጀሮቹ ሲገልጽ የነገራቸው ሕመምተኛ ሆስፒታል ስትገባ ገና የ51 ዓመት ሴት ነበረች። የትኛው እርጅና ነው? የዓለም ጤና ድርጅት የመርሳት ሕመም የእርጅና ግዴታ አለመሆኑን ደጋግሞ ይናገራል፤ ከ55 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች አብረውት ይኖራሉ፣ ከግማሽ በላዩም እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው። ይኸው ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል ብሎ ከዘረዘራቸው 50 አጋዥ መሣሪያዎች ውስጥ የመድኃኒት መደልደያ ሣጥን፣ ቀላል የእጅ ስልክና የሰውን መገኛ የሚጠቁም ጂፒኤስ ይገኙበታል። ዓለም ቀድሞ የቆጠረውን እኛ «ቆልፉባት» ብለን ልንዘጋው አይገባም! እናቷን ልታስታምም ሥራዋን የተወችውን ልጅም «ቻይው» ብሎ መሸኘት ይብቃ!

የኮምቦልቻ ልጆች፣ አሁን ለእናንተ ነው የምናገረው። ረስተው የተዉትን ምድጃ በራሱ የሚያጠፋ ዕቃ በውጭ አገር አለ፤ የሚያጠፋው ግን ኤሌክትሪክና ጋዝ ነው። የእኛ እናቶች በክረምት ከሰል አቀጣጥለው ወደ ክፍል ያስገባሉ፣ በሩንም ይዘጋሉ፤ የከሰሉ ጋዝ ሽታ ስለሌለው ጤነኛውም አይነቃበትም፣ የረሳችውማ እንዴት ትንቃ? የሚያስፈልገን ጋዙ ሲበዛ የሚጮህ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚቀጥል፣ ድምፁ ጎረቤት ድረስ የሚሰማ መሣሪያ ነው፤ በአንድ ግቢ ለምንኖር ሰዎች ከስልክ መልእክት ይልቅ ጎረቤት ፈጥኖ ይደርሳልና።

ስለ ጂፒኤስ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ሰውየው ገና እሺና እንቢ ማለት በሚችልበት ጊዜ ይጠየቅ። ሌላውም መሣሪያ ቶሎ ይለመድ፤ ሕመሙ ከጠና በኋላ አዲስ ዕቃ ራሱ ያስደነግጣል።

ከስብሰባው በኋላ ከመውጫው አጠገብ መዝገብ ይኖራል። አስታማሚዎች፣ ቤታችሁ የሚያስቸግራችሁን ጻፉ፤ ተማሪዎች፣ ሥራችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ከእነርሱ ጋር አንድ ሌሊት እደሩ። የእኔ ቤት መጀመሪያው ላይ ተጽፏል።