የመቁረጫ መንገድን በፍጥነት ስለማስላት

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ የምናገረው የሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚመራ፣ መቅረጫ ማሽን የሚከተለውን መንገድ፣ በተለምዶ ቱልፓዝ የምንለውን፣ ሶፍትዌራችን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያሰላና ያ ፍጥነት ከየት እንደሚገኝ ነው። ጉዳዩ ፕሮግራም ጸሐፊዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። አንድ ቀራጭ «አስላ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ካለበት፣ ሌላ መቁረጫ ወይም ሌላ የቆረጣ አቅጣጫ ሞክሮ ማወዳደሩን ይተወዋል፤ የመጀመሪያውን ውጤት ተቀብሎ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። ስለዚህ የስሌቱ መዘግየት በመጨረሻ የሚታየው በተቀረጸው እንጨት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፍጥነት ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው ጠንካራ ፕሮሰሰር ወይም የተሻለ ግራፊክስ ካርድ ነው። እኔ ግን መሠራት የማያስፈልገውን ስሌት ማስቀረት ይቅደም እላለሁ፤ ምክንያቴንም በቁጥር ላሳያችሁ። ስፋቱ 300 በ300 ሚሊሜትር የሆነና በአንድ ሚሊዮን ሦስት ማዕዘኖች የተሠራ የኤስቲኤል ሞዴል፣ ማለትም የዕቃውን ገጽ በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች የሚገልጽ ፋይል፣ አለን እንበል። በመስመሮቹ መካከል 0.3 ሚሊሜትር ክፍተት ብንተው 1,000 መስመሮች ይኖሩናል፤ በየ0.1 ሚሊሜትሩ የመቁረጫውን ከፍታ ካሰላን ነጥቦቹ ሦስት ሚሊዮን ይደርሳሉ። መቁረጫው ሞዴሉን ሳይነካ እስከምን ድረስ መውረድ እንደሚችል ለማወቅ በየነጥቡ ሁሉንም ሦስት ማዕዘኖች ከፈተሽን፣ የፍተሻው ብዛት ሦስት ትሪሊዮን ይሆናል። ነገር ግን ዲያሜትሩ 6 ሚሊሜትር የሆነ መቁረጫ በአንድ ጊዜ የሚሸፍነው 28 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ሦስት ማዕዘኖቹ በእኩል የተሰራጩ ከሆኑ ከሥሩ የሚገኙት ከ300 ብዙም አይበልጡም። ሞዴሉን አስቀድመን በፍርግርግ ከፋፍለን፣ ወይም ጆን ቤንትሊ በ1975 ባስተዋወቀው ኬዲ-ትሪ፣ ቦታን ደጋግሞ ለሁለት እየከፈለ በሚያደራጅ ዘዴ፣ አደራጅተን እነዚህን ብቻ ብንፈትሽ፣ ሥራው ወደ አንድ ቢሊዮን ገደማ ይወርዳል። ይህን የሦስት ሺህ እጥፍ ቅናሽ ማንም ፕሮሰሰር ገዝቶ አያገኘውም።

ሥራውን ለብዙ ኮሮች፣ ማለትም በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ጎን ለጎን ለሚሠሩ የስሌት ክፍሎች፣ ማከፋፈል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የአንዱ ነጥብ ከፍታ የሌላውን ውጤት ስለማይጠብቅ ክፍፍሉ ቀላል ነው፤ ውጤቶቹን በቅደም ተከተላቸው መልሶ መሰብሰብ ብቻ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የሞዴሉን ከፍታ በፒክስል የሚይዙ ሶፍትዌሮች ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። የፒክስሉን ጎን በግማሽ ስንቀንስ የፒክስሎቹ ብዛት አራት እጥፍ ይሆናል፤ መቁረጫው የሚሸፍናቸውም እንዲሁ አራት እጥፍ ስለሚሆኑ ሥራው በ16 እጥፍ ያድጋል። ግማሽ ሚሊሜትር እንጨት አስተርፎ ለሚያልፍ የመጀመሪያ ሻካራ ቆረጣ ይህን ያህል ጥራት መክፈል ብክነት ነው።

የመስመር ክፍተትም የዚያኑ ያህል ትኩረት ይገባዋል። ክብ ጫፍ ያለው መቁረጫ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ በሁለት መስመሮች መካከል ትቶት የሚያልፈው ሸንተረር ቁመት፣ የክፍተቱ ስኩዌር ለመቁረጫው ሬዲየስ ስምንት እጥፍ ሲካፈል ከሚገኘው ጋር በጣም ይቀራረባል። በ6 ሚሊሜትር መቁረጫ 0.6 ሚሊሜትር ክፍተት የሚተወው ሸንተረር 0.015 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በእንጨት ላይ ይህ በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ሲታሽ ይጠፋል። ክፍተቱን ወደ 0.3 ማጥበብ ግን የስሌቱንም የቆረጣውንም መስመሮች እጥፍ ያደርጋል። ሶፍትዌሩ ይህን ቁመት ክፍተቱ ከሚሞላበት ቦታ ጎን ቢያሳይ፣ ቀራጩ ስሌቱ ሳይጀመር ግማሹን ሥራ ሊያስቀር ይችላል።

የማሽኑ የጉዞ ፍጥነት ብቻ ተቀይሮ ሙሉው ስሌት ከመጀመሪያው ሲደገም ማየት ከልብ ያሳዝነኛል። የሞዴሉና የመቁረጫው ቅርጽ እስካልተለወጠ ድረስ ቀድሞ የተሰላው መንገድ በሜሞሪ ተቀምጦ ሊያገለግል ይገባዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አጥብቄ የምለው፣ ለፍጥነት ሲባል የተሠራውን ዕቃ አደጋ ላይ መጣል እንደማይገባ ነው። ለማሽኑ የእንቅስቃሴ ትእዛዞቹን የሚይዘው የጂ-ኮድ ፋይል እንዲያንስ ነጥቦችን ስንቀንስ፣ በሁለት ነጥቦች መካከል የሚሰመረው ቀጥታ መስመር ጉብታ ባለበት ቦታ ከትክክለኛው መንገድ በታች ያልፋል። ወደ ላይ የሆነ ልዩነት ጥቂት እንጨት ያስተርፋል፤ ወደ ታች የሆነው ግን የአፍንጫን ጫፍ ወይም የቅጠልን ጠርዝ ይቆርጠዋል፣ ያም አይመለስም። ስለዚህ የተፈቀደው ልዩነት ለሁለቱም አቅጣጫዎች እኩል መሆን የለበትም።

ከእናንተ የምጠይቀው፣ እያንዳንዱን ማሻሻያ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሞዴሎች እንድትለኩና ጊዜውን ብቻ ሳይሆን የሚወጣውን ገጽም ነጥብ በነጥብ እንድታወዳድሩ ነው። ሁሉንም ሦስት ማዕዘኖች የሚፈትሸውን ዘገምተኛ ስሌትም ከኮዱ አታጥፉት፤ ፈጣኑ ስሌት ልክ መሆኑን የምታረጋግጡት ከእሱ ጋር በማመሳከር ነው።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።