ጊዜውን የሰጠ ሰው ጎማም ይግዛ?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ልጆቻችንን ሳይክል የምታሠለጥኑ በጎ ፈቃደኞች፣ ጎሚስታዎችና የሳይክል ጠጋኞች፣ ከስፖርት ጽሕፈት ቤት የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ እየደረቀ ነው፤ ሥልጠናው ሊጀመር ነው። በመርሐ ግብሩ ላይ ስለ ወጪ፣ ስለ ደህንነትና ስለ ምዝገባ እንድናገር ተይዞልኛል። የመጣሁት ግን ለወጪው ነው።

ስለ ባሕር ዳርና ስለ ሳይክል ለእናንተ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ሜዳ የሆነው መንገዳችን፣ ከዘንባባው ሥር በሳይክል የሚያልፈው ሰው፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ የዓባይ ድልድይ ሁሉም ያውቃቸዋል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ኦሎምፒክን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትረግጥ እነ ብስክሌተኛው ገረመው ደንቦባ ከቡድኑ ጋር ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እነዚህ ሁሉ የሄዱት በጎማ ነው። ጎማ ደግሞ ያልቃል።

ታዲያ በጎ ፈቃደኛው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወጥቶ ልጆቻችንን ሲያሠለጥን፣ የሚያልቀውን ዕቃ ማን ይግዛው? እስካሁን ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም እንጂ መልሳችን የታወቀ ነው፤ እሱው ይግዛ ብለን ተቀምጠናል።

ነገሩ ሁልጊዜ የሚመጣው በአንድ መልክ ነው። አንድ ለጋሽ አሥር የውድድር ሳይክል ይሰጣል። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ እንግዶቹ ይሄዳሉ። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ጎማ የግራር እሾህ ይወጋዋል። ልጁ እየገፋ ጎሚስታ ጋ ይደርሳል። ከመነዳሪው ባለ ቀጭን ቫልቭ ነው፤ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር አፍ ደግሞ የሚገጥመው ለወፍራሙ፣ ለመኪናውና ለሞተሩ ነው። በሁለቱ መካከል የምትገባ አንዲት የናስ ማገናኛ አለች፤ ከጥፍር ብዙም አትበልጥም። እሷ የለችም። ታዲያ ምን ይደረጋል? ባለ ወፍራም ቫልቭ ከመነዳሪ ይገዛል፤ ግን የቸርኬው ቀዳዳ 6.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወፍራሙ ቫልቭ 8.5 ይፈልጋል። ቸርኬው በመሰርሰሪያ ይሰፋል። የተሰፋው ቀዳዳ ጠርዙ ካልተሞረደ ቫልቩን ከሥሩ ይቆርጠዋል፤ በሳምንቱ ከመነዳሪው እንደገና ሞተ። ሌላው ደግሞ የ26 ኢንች ከመነዳሪ ለጥጦ በሚበልጠው የ700 የውድድር ጎማ ውስጥ ይከታል፤ ላስቲኩ ይሳሳል፣ ፓች አይዝም፣ ይፈነዳል። ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ከዚያ ለሌላው ፔዳሉ ይፈታለታል፣ ቀጥሎ የፊት እግሩ፣ ቀጥሎ ኮርቻው። በዓመቱ መጋዘኑን ስትከፍቱት የምታገኙት የተራቆተ አጥንት ነው። ያ ሳይክል የሞተው በአንዲት ማገናኛ ነው!

እስቲ አንዲት ቀዳዳ ለመድፈን ብቻ ምን እንደሚጠፋ ልቁጠርላችሁ። ጎማውን ለማውለቅ የፕላስቲክ ማውጫ ያስፈልጋል፤ በካቻቢቴ የሚያወጣ ሰው አንዱን ቀዳዳ ሁለት ያደርገዋል። ከመነዳሪው ተነፍቶ ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ምልክት ይደረግበታል፣ በደንብ ይደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ማስቲሹ በስሱ ይቀባና አምስት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ ሲነካ እጅ ላይ የማይጣበቅ ሲሆን ነው ፓቹ የሚለጠፈው። እርጥቡ ላይ የለጠፈ ሰው ነገ ይመለሳል። መጨረሻ የውጭ ጎማውን ውስጡን በጣት ቀስ እያሉ መዳበስ ነው፤ እሾሁ ወይም ከአሮጌ የመኪና ጎማ የወደቀው ቀጭን ሽቦ እዚያው ካለ አዲሱንም ይወጋዋል። ቀዳዳው አጠገብ ለአጠገብ ሁለት ከሆነ፣ እባብ የነደፈው የሚመስለው፣ ጥፋተኛው እሾህ አይደለም። ነፋሱ አንሶ ጉድጓድ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬውና በመሬቱ መካከል ተቀርጥፎ ነው። ለ25 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ ለልጅ ክብደት፣ 6 ባር ገደማ የነፋስ ግፊት ይበቃል፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ግን አይለፍ። ይህን ለማወቅ መለኪያ ያለው ፓምፕ ይጠይቃል። ፓምፑን የገዛው ማን ነው? አሠልጣኙ ነው። ማስቲሹንስ? እሱው ነው።

ካቴናውን እንይ። ማስመሪያ ይዛችሁ ከአንድ ፒን መሐል ጀምራችሁ፣ እሱን ሳትቆጥሩ፣ እስከ 24ኛው ፒን መሐል ለኩ። አዲስ ካቴና ላይ ልክ 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.6ን ሲያልፍ ካቴናው ይቀየራል፤ ወጪው የካቴና ዋጋ ብቻ ነው። ዛሬ ብር የለም ተብሎ 30.8 ከደረሰ ግን የኋላውን ጥርስ በልቶታል። ያን ጊዜ አዲስ ካቴና ቢገባ እንኳ ጥርሱ ላይ እየዘለለ ልጁን ከፔዳል ይጥለዋል፤ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ። የሁለት ሚሊ ሜትር ቸልታ ነው። በክረምት ጭቃ ላይ የተነዳ ካቴና ሳይታጠብና ዘይት ሳይቀባ ካደረ ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል።

ፍሬኑማ! የፍሬን ጎማ እስከ ብረቱ ካለቀ አልሙኒየሙን ቸርኬ ይፍቀዋል፤ ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል የሚወርድ ልጅ ደግሞ የሚተማመነው በዚያች ላስቲክ ነው። አሠልጣኙ ይህን ያውቃል። ኪሱ ባዶ ሲሆን ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ልጁን ወደ ቤት መመለስ ወይም ዛሬን እንዲሁ ማሳለፍ። እዚህ ምርጫ ውስጥ ያስገባነው እኛ ነን። ሰው ጊዜውን ሰጥቶን ኪሱንም የምናራግፍበት ከሆነ በጎ ፈቃድ ማለታችንን እንተው፤ ግብር ጥለንበታል!

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ሳይክልና ሄልሜት የሚያቀርበው ሥልጠናው በስሙ የሚጠራለት አካል ይሁን፤ በዓመቱ ሪፖርት ላይ የሚጽፈው እሱ ነውና። ሳይክል የሚሰጥ ለጋሽ ከእያንዳንዱ ሳይክል ጋር ሁለት ልኩ የሆነ ከመነዳሪ፣ አንድ ካቴና፣ ሁለት ጥንድ የፍሬን ጎማ፣ ሁለት የፍሬን ሽቦና ያችን የናስ ማገናኛ አብሮ ይስጥ። ይህን ማድረግ ካልቻለ አሥሩን ትቶ ሰባት ይስጠን፤ በቀሪው ዕቃ እንገዛለን። ወላጆች በየወሩ እንደ አቅማችን ለአላቂ ዕቃ እናዋጣ። የሌለው ቤተሰብ ልጅ ስሙ ሳይጠራ፣ ሳይሸማቀቅ ይንዳ። ጠጋኞቻችን የእጅ ዋጋ ቅናሽ እንደምታደርጉልን ነግራችሁናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕቃው ግን በነፃ አይጠየቅም፤ እናንተም የምታድሩበት ነው። የአሠልጣኙ ድርሻ ዜሮ ይሁን። ቸግሮት ከኪሱ ከገዛ ደረሰኙን ያምጣና ወሩ ሳያልቅ ይመለስለት።

ስለ ደህንነት አጭር ነው። ሄልሜት ከቅንድብ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ማሰሪያው ከጆሮ ሥር ይገናኝ። አንድ ጊዜ ከመሬት የተጋጨ ሄልሜት ውጪው ደህና ቢመስልም ውስጡ ተጨፍልቋል፤ ይጣል። እሱም በወጪው ውስጥ ይታሰብ።

ለምዝገባው የልጁን ቁመት ጻፉ፤ ሳይክል የሚመደበው በእድሜው ሳይሆን በቁመቱ ነው።

የመዋጮው መዝገብ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ ሌላ ወረቀት አለ፤ አሠልጣኞቻችን ባለፈው ዓመት ከኪሳቸው የገዙትን የጻፉበት ነው። ከመዝገቡ በፊት እሱን አንብቡት፤ መጀመሪያ የሚከፈለውም እሱ ይሁን።

አመሰግናለሁ።