ጥያ በማለዳ፣ መልካ ቁንጡሬ በቀትር

ክቡራን መምህራን፣ የታሪክ ክበብ ተጠሪዎች፣ ልጆቻችሁን ለጉዞ የምትፈቅዱ ወላጆች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ጥያ ትክል ድንጋዮች የሚወጣ የተማሪዎች አውቶቡስ ብዙውን ጊዜ ቀኑ የሚያልቅበት እንዲህ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ይነሣል ተብሎ 3 ሰዓት ተኩል ይነሣል። ዓለም ገና ላይ በጭነት መኪና መሀል ይቆማል። የጥንት ሰው ቅሪትና የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት መልካ ቁንጡሬ መንገድ ላይ ስለሚገኝ እዚያ ይወርዳሉ፣ ይጎበኛሉ፣ ምሳም ይበላሉ። ጥያ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ልጆቹ ድንጋዮቹን አንዴ ይዞራሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ «በቃ ይኸው ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በልጆቹ መፍረድ አይገባም፤ በዚያ ሰዓት አዋቂም ብዙ ነገር አያይም።

ስለዚህ ዛሬ ልናሳምናችሁ የመጣነው ቅደም ተከተሉን እንድትገለብጡት ነው። መልካ ቁንጡሬን ጠዋት አታቁሙበት፣ እለፉት። በቀጥታ ጥያ ግቡ። መልካ ቁንጡሬን በመልስ ጉዞ፣ በቀትር ጎብኙት።

ምክንያቱ ብርሃን ነው። የጥያ ትክል ድንጋዮች ላይ ያሉት ቅርጾች ከድንጋዩ ፊት ብዙ አይነሡም፤ በዚያ ላይ ብዙ መቶ ዓመታት ዝናብና ፀሐይ ፈራርቆባቸዋል፣ የድንጋይ ሽበትም ለብሰዋል። እንዲህ ያለ ቅርጽ የሚታየው በጥላው ነው። ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎን ስትመታ የሰይፉ ጠርዝ ቀጭን ጥላ ይጥላል፣ ቅርጹም ብድግ ይላል። ፀሐይ ከፍ ስትል ጥላው ይጠፋል፤ ሰይፉ እዚያው እያለ ዓይን ያጣዋል። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ለዚህ ተስማሚ ነው። መልካ ቁንጡሬ ላይ ግን ዋናው ነገር ያለው በጣሪያ ሥር ስለሆነ የቀትር ፀሐይ ምንም አይቀንስበትም፤ እንዲያውም ጥላው ያን ጊዜ ነው የሚፈለገው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱ ግን የራሳችን ነው።

ጥያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ግድም፣ በቡታጅራ መንገድ ላይ፣ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሶዶ ውስጥ ትገኛለች። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በ1980 ነው። በቦታው 36 ድንጋዮች አሉ፤ ከእነዚህ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። በሶዶ አካባቢ በጠቅላላው 160 ያህል እንዲህ ያሉ ሥፍራዎች ተለይተዋል። ስለዚህ ተማሪው የሚያየው አንድ ብቸኛ ተአምር ሳይሆን የአንድ ሰፊ ባህል አንዷን መካነ መቃብር ነው። አዎ፣ መካነ መቃብር ነው። ቁፋሮው ከድንጋዮቹ ሥር እግራቸውን አጥፈው የተቀበሩ ሰዎችን አግኝቷል፤ ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ይህን ለልጆቹ ከአውቶቡስ ከመውረዳቸው በፊት ንገሯቸው። መቃብር ላይ መሆናቸውን ያወቁ ልጆች ድንጋይ ላይ ተንጠልጥለው ፎቶ አይነሡም፤ ሳይነገራቸው ቀርቶ በኋላ መጮኽ ግን ለሁሉም ድካም ነው።

የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። አካባቢው ድንጋዮቹን «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ልጆችም ከሾፌሩ ወይም ከረዳቱ ሰምተው ይመጣሉ። አፈ ታሪኩን አታጣጥሉት፤ ሕዝብ ከአቅም በላይ ትልቅ ለመሰለው ነገር ባለቤት ሲፈልግ የሚያወጣው ስም ነው። ነገር ግን ዘመኑ አይገጥምም። ግራኝ አሕመድ ወይና ደጋ በተባለው ሥፍራ የሞተው በ1543 ነው፤ ድንጋዮቹ የቆሙት ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ተብሎ ይገመታል። በሰሜን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሲፈለፈሉ በደቡብ ደግሞ እነዚህ ይተከሉ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ስለ ላሊበላ ገድል አለን፣ ስለ ጥያ ግን አንድ መስመር ጽሑፍ የለንም። አንዳንዱ መምህር ጥያን «ቅድመ ታሪክ» ሲለው ሌላው የሚቃወመው ለዚህ ነው፤ በዘመን ከሄድን መካከለኛው ዘመን ነው፣ በጽሑፍ ማጣት ከሄድን ግን ከቅድመ ታሪክ አይለይም። ክርክሩን ለልጆቹ ተዉላቸው፤ ለመመለሻው መንገድ ይሆናቸዋል።

ድንጋዩን ማንበብ እንዴት ነው? መጀመሪያ ራቅ ብለው፣ አሥር እርምጃ ያህል፣ ከላይ እስከ ታች ይዩት። ትልቁ ድንጋይ ቁመቱ 5 ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሎቹ አብዛኞቹ ያጥራሉ፤ የእያንዳንዱም ከፊል አካል መሬት ውስጥ ነው። ከዚያ ቀርበው ይቁጠሩ። ጎልቶ የሚታየው ሰይፍ ነው። ሰይፉ ስንት ነው? ጫፉ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች? እጀታውስ ምን ይመስላል? አስጎብኚዎች የሰይፉ ቁጥር ጀግናው የገደላቸውን ሰዎች ቁጥር ያሳያል ይላሉ። ግምት ነው፤ ግምት መሆኑ ይነገር። ቀጥሎ ክብ ቅርጽ አለ። ከዚያ ቅርንጫፍ ያወጣ የሚመስል ምልክት አለ፤ አንዱ እንሰት ነው ይለዋል፣ ሌላው የእንጨት ትራስ፣ ማለትም ብርኩማ ነው ይለዋል። በጉራጌ ምድር ላይ ቆሞ እንሰትን ማየት ቀላል ነው፣ ለዚያም ነው እኛ በዚህ ትርጉም ላይ የምንጠነቀቀው። ጡት የተቀረጸበትንም ድንጋይ ፈልጉ፤ የሴት መቃብር ነው የሚል ትርጉም የተሰጠው እሱ ነው።

ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ድንጋይ ብቻ ስጡት። ግማሽ ሰዓት ይቀመጥበት፣ በእርሳስ ይሣለው፣ ያየውን ምልክት ይቁጠር። 36ቱንም ላሳይ ያለ መምህር አንዱንም ሳያሳይ ይመለሳል። ሥዕሉ ማማር አያስፈልገውም፤ እጅ ሲሥል ዓይን የዘለለውን ይይዛል።

የተቀረጸው ፊት ጥላ ውስጥ ሆኖ ካስቸገረ ቀላል ዘዴ አለ። የደብተር ያህል የምትሆን መስተዋት ያዙ። አንድ ልጅ ፀሐይ ላይ ቆሞ ብርሃኑን ከጎን፣ ከድንጋዩ ፊት ጋር ሊጋጠም ጥቂት ሲቀረው ይላከው። ቅርጹ ወዲያው ይወጣል። መስተዋት ከሌለ የስልክ ባትሪም ይሠራል፤ ከፊት ለፊት ግን አታብሩት፣ ከፊት የመጣ ብርሃን የቀትርን ፀሐይ ጥፋት ይደግመዋል። በቾክ ወይም በከሰል መስመሩን አጉልቶ ፎቶ ማንሣት ፈጽሞ ክልክል ይሁን። ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ማሸትም እንደዚያው፤ ድንጋዩ ፊቱ ላይ ደቀቅ እያለ ይረግፋል፣ አንዴ የረገፈ አይመለስም።

ስለ ብዛት። አንድ አስጎብኚ 45 ልጅ አንድ ድንጋይ ዙሪያ ቢያቆም የሚሰሙት የፊተኞቹ አሥር ናቸው። ሦስት ቦታ ከፍላችሁ አሥራ አምስት አሥራ አምስት አድርጓቸው፤ አንዱ ቡድን ገለጻ ሲሰማ ሁለቱ ይሣሉ። ለአሥር ልጅ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል። ውኃ ለእያንዳንዱ 2 ሊትር፣ ማለትም ለ45 ልጅ 90 ሊትር፣ ከከተማ ተጭኖ ይሂድ። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አስቀድማችሁ ላኩ፣ የተማሪ መግቢያ ስንት እንደሆነ በስልክ ጠይቁ፣ ገንዘቡንም በጥሬው ያዙ፤ ኔትወርክ ያልሠራ ዕለት በር ላይ ግማሽ ሰዓት መቆም የጠዋቱን ብርሃን ይበላል። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊትና በዋዜማው አጣሩ፤ አንዴ ብቻ መጠየቅ አይበቃም።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ሐምሌና ነሐሴን ተዉት። አፈሩ ሲረጥብ ጫማ ይነክሳል፣ ሣሩ የድንጋዩን ግርጌ ይሸፍናል፣ ደመናው ደግሞ ያን የምንፈልገውን ጥላ ይወስድብናል። ከጥቅምት እስከ ጥር ጥሩ ነው። ብቻ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳው ውርጭ ነውና ሹራብ፣ ለቀትሩ ደግሞ ባርኔጣ ይያዝ።

ምሳ። አካባቢው የክትፎና የቆጮ አገር ነው፣ መምህራንም ይህን ሳያውቁ አይሄዱም። ነገር ግን 45 ልጅ ይዛችሁ ጥሬ ሥጋ አታዙ፤ የሁለት ሰዓት የመልስ መንገድ አለ። የራስ ስንቅ ይሻላል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ የጾም ምግብ ለስንት ልጅ እንደሚያስፈልግ ከቀኑ በፊት ይቆጠር።

4 ሰዓት ተኩል ላይ ከጥያ ተነሡ። ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲመለሱ አዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ ነው። እዚህ ልጆቹን ከ900 ዓመት ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ነው የምታወርዷቸው፤ ካልተዘጋጁ ቁጥሩ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። በአውቶቡስ ውስጥ ሳሉ አንድ ነገር አሠሯቸው፦ አንድ ሚሊሜትር አንድ ዓመት ቢሆን ጥያ ከደብተሩ ጫፍ አንድ ሜትር እንኳ አትርቅም፤ የመልካ ቁንጡሬ ጥንታዊ ቅሪት ግን 2 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ሥፍራውን በ1963 ያስተዋለው ሆላንዳዊው የውኃ ባለሙያ ጄራርድ ዴከር ነው፤ ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለሠላሳ ዓመት ቆፈረው፤ ከዚያም ጣሊያናውያን ተረከቡ። በ2024 ከጎረቤቱ ሥፍራ ከባልጭት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሙዚየሙ ጎጆ ጎጆ ሆነው የተሠሩ ክፍሎች አሉት፤ ከዚያ በእግር የሚደረስበት ጎምቦሬ ደግሞ ቁፋሮው እንዳለ፣ ድንጋዩና አጥንቱ በተገኘበት መሬት ላይ፣ በመጠለያ ሥር የሚታይበት ነው። ጎምቦሬ አጠገብ 700,000 ዓመት ያስቆጠረ የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ ከዱካዎቹ መካከል የትንንሽ ልጆችም አሉ። ጋርባ በተባለው ሥፍራ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ ደግሞ ሆሞ ኢሬክተስ የተባለው ጥንታዊ የሰው ዘር ሲሆን ዕድሜው ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ይህ ሁሉ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑን አትዝለሉት፤ በዚያ ዘመን ደጋ ላይ መኖር እንደ ዛሬው ቀላል አልነበረም።

ልጆች ሁሌም «ይህ ድንጋይ በሰው መሠራቱ በምን ታወቀ?» ይላሉ። መልሱ በእጅ የሚያዝ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ የሚላቀቀው ስባሪ፣ ከተመታበት ነጥብ ሥር ትንሽ እብጠት ይኖረዋል፤ ከእብጠቱም ኩሬ ላይ ጠጠር እንደተጣለ ዓይነት ሞገድ ይዘረጋል። ባልጩት ላይ፣ መስታወት የሚመስል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ፣ ይህ ከሁሉ ይበልጥ ይታያል። የእጅ መጥረቢያው ደግሞ የእንባ ቅርጽ ያለው፣ በሁለቱም ፊት የተጠረበ ነው። ሲምቢሮ በሚባለው ሥፍራ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከባልጩት የተሠሩ በመቶ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ መጥረቢያዎች ተገኝተዋል። የባልጭት ስም ራሱ ምን እንደሚል ልጆቹ ሳይነገራቸው እንዲደርሱበት ጠብቁ።

ባልጩት መሬት ላይ ተበትኖ ይታያል። ማንሣት ግን ሁለት ጊዜ ጥፋት ነው፤ አንድም እጅ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፣ አንድም ከቅርስ ሥፍራ ስባሪ ማውጣት በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ያስጠይቃል። ስትመለሱ ኪስ ይፈተሽ ማለት ለትልልቆቹ ያሳፍራል፤ ከመግባታቸው በፊት በግልጽ መናገር ይቀላል። የቁስል ማሰሪያና አዮዲን አይረሳ።

አዳዲ ማርያምስ የሚል ይኖራል። ውቅር ቤተ ክርስቲያኗ ከዚያው መንገድ ወደ ምዕራብ ገባ ብላ ናት፣ ውብም ናት። ቤተሰብ በአንድ መኪና ከሄደ ይጨምራት። በአውቶቡስ ለሚሄድ ክፍል ግን ሦስተኛ ሥፍራ ማለት ሁለቱን ማበላሸት ነው። በወሩ 21 ቀን ደግሞ የማርያም በዓል ነውና ተሳላሚው ብዙ ነው፤ ለጸሎት ካልሆነ ሌላ ቀን ምረጡ።

ከመልካ ቁንጡሬ 9 ሰዓት ላይ ካልተነሣችሁ የማምሻውን የዓለም ገና መጨናነቅ ታገኙታላችሁ፤ ወላጅም በር ላይ ሲጠብቅ ይመሻል። ሾፌሩ ሰዓቱን ጠዋት በመነሻው ይስማው፣ ልጆቹም ይስሙት። በሕዝብ ማመላለሻ የምትሄዱ ትንንሽ ቡድኖች ደግሞ ቀደም ብላችሁ ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ከቡታጅራ የሚመጡት መኪኖች ጥያ ላይ ሞልተው ነው የሚያልፉት።

የጉዞው ሰዓትና የሚያዙ ዕቃዎች ዝርዝር በር ላይ ተቀምጧል፤ ለየትምህርት ቤታችሁ አንድ አንድ ውሰዱ። አሁን ጥያቄ እንቀበላለን።